ሐይቁ መውጫ የለውም፦ የሐዋሳ የቤት ቆሻሻና የደጅ ቦይ

የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውሃ የሚባለው ነው። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች ወገን፣ ከአስፋልቱ፣ ከኮብልስቶኑና ከየጣሪያው የወረደው ጎርፍ በየቦዩ ተሰብስቦ ይጨመርበታል። የገባው ውሃ ከላይ ይተናል፣ ከታች ወደ መሬት ይሰርጋል። ፌስታል ግን አይተንም፣ ሃይላንድም አይሰርግም። ቦዩ ያመጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ በእኛ ከተማ በር ላይ የወጣ አንድ ማዳበሪያ ቆሻሻ ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ በጋሪ ወደ ገንዳ፣ ወይ በቦይ ወደ ሐይቅ። የትኛውን እንደሚይዝ የሚወሰነው ደግሞ ጋሪው ሳይመጣ፣ ገና ግቢ ውስጥ እያለ ነው።

የጋሪው መንገድ ቀላል ነው። የሰፈሩ ማህበር ቤት ለቤት ይሰበስባል፣ ነዋሪው በየወሩ ይከፍላል። ጋሪው የሰበሰበውን ገንዳው ድረስ ይወስዳል፤ ገንዳውን መኪና አንስቶ መድፊያው ያደርሰዋል። ሦስት ርክክብ አለ ማለት ነው፦ ከቤት ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መኪና። ቆሻሻ የሚዝረከረከው በጉዞ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ርክክቦች ላይ ነው። በር ላይ ሲጠብቅ ይቀደዳል፣ ሲጫን ይፈሳል፣ ገንዳው ሞልቶ ሲገኝ መሬት ላይ ይደፋል።

ሂሳቡን እናስላው። በአገራችን ከተሞች አንድ ሰው በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ቆሻሻ ያወጣል ተብሎ ይገመታል። 0.4 ኪሎ ብንይዝ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 2 ኪሎ፣ በሳምንት 14 ኪሎ ያወጣል። ያልተጠቀጠቀ የቤት ቆሻሻ 1 ሜትር ኩቡ ወደ 300 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 14 ኪሎው 50 ሊትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። 50 ኪሎ ዩሪያ የሚመጣበት ማዳበሪያ ይበቃዋል። 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጋሪ በአንድ ዙር የ20 ቤት የሳምንት ቆሻሻ ያነሳል፤ 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ ደግሞ የ170 ቤት ገደማ። ያ ገንዳ ለ300 ቤት ተቀምጦ በሳምንት አንዴ ብቻ ከተነሳ፣ በአራተኛው ቀን ሞልቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ዙሪያው ይከመራል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ የማካፈል ውጤት ነው። የሰፈር ኮሚቴዎች ከቀበሌ ጋር ስትነጋገሩ «ቆሻሻ በዛብን» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የቤቱን ብዛት፣ የገንዳውን ሜትር ኩብና የሚነሳበትን ቀን በወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። በቁጥር ለቀረበ ጥያቄ በቁጥር መመለስ ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ማዳበሪያው ውስጥ እንግባ። የሐዋሳ ቤት ከሚያወጣው አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ ዳቦ የተጋገረበት ኮባ፣ ተመጦ የተተፋ ሸንኮራ፣ የጫት ገረባ። ትኩስ ልጣጭ ከአሥር እጅ ሰባት ያህሉ ውሃ ነው። ይህን ውሃ ከወረቀቱና ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ላይ ስናስረው ካርቶኑ ርሶ ዋጋ ያጣል፣ ሃይላንዱ ወጥ ይቀባና ቆራሌው አይነካውም፣ ማዳበሪያው ከሥሩ ያንጠባጥባል። የጋሪዋ ሠራተኛ የምትሸከመው ክብደት፣ በር ላይ የሚሸተውም ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ውሃ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል። ለእርጥቡ 20 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ፤ ለደረቁ ማዳበሪያ፣ ከጣሪያ ሥር በሚስማር ተሰቅሎ መሬት ያልነካ። ባልዲው ታች ላይ የተቀደደ ካርቶን ወይም ሁለት እፍኝ ሰጋቱራ ብታደርጉ ፈሳሹን ይጠጣዋል። የወጥ ትርፍ ሲሆን አጥልላችሁ ጨምሩት። ባልዲው በተደፋ ቁጥር ካልታጠበ ግን ክዳኑ ትርጉም የለውም፤ ዝንብ የሚጠራው ከጎኑ ተለጥፎ የቀረው ነው።

መለየቱ ምክር ብቻ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ሲያዝ ቆይቷል። ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ፣ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡም የከለከለው ይኸው አዋጅ ነው። በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ ሕግ ደግሞ ፌስታልን በአጠቃላይ ወደ መከልከል ሄዷል። ሕጉ ቢወጣም ቤት ውስጥ የተጠራቀመው ፌስታል የትም አልሄደም። አንዱን ፌስታል ቦርሳ አድርጋችሁ ሌሎቹን ውስጡ ጠቅጥቁና ቋጥሩት። ነጠላ ፌስታል ነፋስ ይወስደዋል፤ 40 ፌስታል የያዘ ቋጠሮ ግን ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም።

አመድ ለብቻው ነው። የከሰል አመድ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ፍም እንደያዘ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ከማታ ቡና በኋላ የተደፋ አመድ ሌሊቱን ማዳበሪያውን አቅልጦ ሥሩን ይከፍተዋል፤ ገንዳ ከገባ ደግሞ ካርቶኑን ይዞ ቀን ሙሉ ያጨሰዋል። የሚጨስ ገንዳ ስታዩ የለኮሰው ሰው አለ ብላችሁ አትፍረዱ፣ ብዙ ጊዜ ፍም ነው። አመዱን በቆርቆሮ ጣሳ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ውሃ ረጭ አድርጋችሁ በእንጨት አማስሉት፤ እንፋሎት ካልወጣው በርዷል።

የሚቆርጥና የሚወጋ ነገር ላይ ልቆይ። ማዳበሪያ የምታነሳ ሠራተኛ አፉን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሥሩን በሌላው ደግፋ፣ ከጭኗ ጋር አስጠግታ ነው። ምላጭ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ወይም የኢንሱሊን መርፌ የሚያገኛት እዚያው መዳፏና ጭኗ ላይ ነው። ጓንት ብታደርግም መርፌን አያቆምም። እነዚህን ግድግዳው ወፍራም በሆነ የበረኪና ጠርሙስ ወይም በዘይት ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ በላዩ «ስለት» ብላችሁ በደማቅ እስክሪብቶ ጻፉና በእጅ ስጧት። መርፌ ከሆነ ደግሞ የታዘዘበት ጤና ጣቢያ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።

ሃይላንዱ ይሸጣል ወይም ለቆራሌው ይሰጣል። ለአንድ ኪሎ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 50 እና ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልግ፣ ሳይጨፈለቅ ማጠራቀም ግቢውን መሙላት ነው። ክዳኑን ፍቱ፣ ጠርሙሱን ርገጡት፣ ክዳኑን ለብቻው በሌላ ፌስታል አስቀምጡት። ጠርሙሱና ክዳኑ የተለያየ ፕላስቲክ ነው፤ የክዳኑ ፕላስቲክ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰምጣል፣ የሚቀልጡበት ሙቀትም አንድ አይደለም። ክዳን የመፍታቱ ሌላ ምክንያት ቦይ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ አየር የያዘ ጠርሙስ ጎርፍ ላይ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ይሄድና ቦዩ መንገድ የሚያቋርጥበት ቱቦ አፍ ላይ ይወተፋል። ሦስት አራት ጠርሙስ ሲደረደር አንድ ፌስታል መጥቶ ይለብጠዋል፤ ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል። የተጨፈለቀ ጠርሙስ እንዲህ ያለ ግድብ ለመሥራት አይመችም።

ሰዓት። ማዳበሪያው መውጣት ያለበት ጋሪው ከሚመጣበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እንጂ ማታ አይደለም። ማታ የወጣውን ውሻና ጅብ ይዘነጥለዋል፤ ወደ ሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ጦጣ ይወርድበታል። የእርጥቡ ቀን ቆጠራ ከዝንብ ጋር ነው። በሐዋሳ ሙቀት የዝንብ እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል፤ ትሉ በአራት በአምስት ቀን አድጎ ከቆሻሻው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ በሳምንትና በአሥር ቀን መካከል ክንፍ ያወጣል። ቆሻሻው በሳምንት አንዴ ከተነሳ ትሉ ቀድሞ ሄዷል፤ ጋሪው የሚወስደው የተፈለፈለበትን ዕቃ ብቻ ነው። እርጥቡ በሳምንት ሁለቴ መውጣት አለበት፣ ያለዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ መቀበር አለበት። ደረቁ ሁለት ሳምንት ቢቆይም ጉዳት የለውም።

አራት አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ነገሩ ይከብዳል። ክፍያው ለግቢው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚለው ጥያቄ በየወሩ ይነሳል፤ ያልተስማማ ተከራይ ማታ ማታ ፌስታሉን ቋጥሮ ወደ ቦዩ ይወረውራል። ይህ የተከራዩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ኪራዩ ሲጀመር ያልተነጋገሩበት ነገር ነው። የውሃና የመብራት ድርሻ በሚነገርበት ቀን የቆሻሻውም ድርሻና የማውጣት ተራ አብሮ ይነገር፤ ተራው በወረቀት ተጽፎ ቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍ። ደረቁን አንድ ማዳበሪያ ላይ መጋራት ይቻላል። የእርጥቡን ባልዲ ግን አትጋሩ። የጋራ ባልዲ የሚያጥበው የለም።

የደጅ ቦይ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከጋሪው ያመለጠው ሁሉ መጨረሻው እሱ ነው።

መጀመሪያ ወሩ። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ሐምሌን አይጠብቅም፤ በልጉ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል። ስለዚህ ዋናው ጽዳት በየካቲት፣ ሁለተኛው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ብቻ አካፋ የሚያነሳ ሰፈር የበልጉን ጎርፍ በተደፈነ ቦይ ተቀብሎታል፣ በቦዩ የነበረውም ፕላስቲክ ሐይቅ ገብቷል።

የኮንክሪት ክዳኑ ተንኮለኛ ነው። 60 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ድጅኖና አንድ ወፍራም የእንጨት ሽብልቅ ያስፈልጋል። በድጅኖ አንዱን ጠርዝ ብቻ ቀና አድርጉ፣ ሽብልቁን አስገቡ፣ ከዚያ ክዳኑን በጎን አንሸራቱት እንጂ አታንሱት። ጣት ከሥሩ አይገባም፣ ለአንድ ሰከንድም። ሁሉን ክዳን መክፈት አያስፈልግም፤ በየሦስተኛው ከከፈታችሁ ረጅም እጀታ ባለው አካፋ መካከሉን መሳብ ይቻላል።

ሥራው ከታች፣ ውሃው ከሚወጣበት ወገን ይጀመራል። ከላይ ከጀመራችሁ የቆመው ጥቁር ውሃ የሚሄድበት ስለሌለው ጭቃውን በውሃ ውስጥ ነው የምትዝቁት፤ ከታች ሲከፈት ግን ራሱ ይጎድልላችሁና የቀረው በአካፋ የሚነሳ ይሆናል። በቅድሚያ ፕላስቲኩን በመንጠቆ አውጡ፣ ከዚያ ደለሉን ዝቁ። ሁለቱን አንድ ክምር ላይ ከቀላቀላችሁ የሚቀበላችሁ አታገኙም።

ደለሉን ቦዩ ጠርዝ ላይ መተው በከተማችን በብዛት የሚታይ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ የአንድ ቅዳሜ ድካም በአንድ ሰዓት ይጠፋል። ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ በአጥሩ ወገን ይከመር፣ ሁለት ሦስት ቀን ውሃው ይንጠፍ፣ ከዚያ ይነሳ። ማንሳቱን ግን ለቆሻሻ ጋሪ አትስጡ። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ 20 ሴንቲ ሜትር ደለል ከያዘ፣ 15 ሜትር ፊት ያለው ግቢ 1.2 ሜትር ኩብ ደለል ያወጣል። እርጥብ ደለል በሜትር ኩብ 1800 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከ2 ቶን በላይ ነው። 300 ኪሎ ለሚጭን ጋሪ ይህ ከሰባት ዙር በላይ ነው፣ ለአህያውም ግፍ ነው። ሁለት ግቢ ተባብሮ በአንድ ዙር አይሱዙ ቢያስነሳ ይሻላል። ፕላስቲኩ ተለቅሞ የደረቀ ደለል የግቢ ጉድጓድ መሙያም ይሆናል፤ የጎመን መደብ ላይ ግን አይገባም፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ያልነካው ቦይ ጥቂት ነውና።

ደለሉ ከየት ይመጣል? አፈራችን እሳተ ገሞራ የወለደው፣ አሸዋማና ቀላል ነው፤ ጎርፍ በቀላሉ ይሸከመዋል። ግን ከተራራው የሚወርደውን ያህል ባይሆንም ከእጃችን የሚመጣ አለ። ጠዋት ደጅ ስንጠርግ አቧራውን በክዳኖቹ መሃል ባለው ክፍተት የምናስገባው ራሳችን ነን። መጥረጊያው ወደ ግቢ ወገን ይሂድ፣ አቧራው በአካፋ ይነሳ። ከዚህ የከፋው የግንባታ አሸዋ ነው። መንገድ ዳር የተራገፈ አንድ ቢያጆ አሸዋ ዙሪያውን ብሎኬት ሳይደረደርለትና ሸራ ሳይለብስ ካደረ፣ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ለሙሉ ሰፈሩ የሚበቃ ደለል ያወርዳል። እኔ እንደማምነው ለቤት ሠሪ ፈቃድ ሲሰጥ ሸራና ብሎኬት የግዴታው አካል መሆን አለበት።

ቱቦ አፍ ላይ ወንፊት ማድረግ የሚያስቡ ሰፈሮች አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አንድ ሁኔታ ግን አለው። ፌሮዎቹ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ውሃው ሂደት ጋደል ብለው ይበየዱ፤ ቆሻሻው በተዳፋቱ ላይ ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው ከሥር ያልፋል። ዝናብ ባቆመ ቁጥር የሚጠርገው ሰው በስሙ ካልተመደበ ግን አታድርጉት። ያልተጠረገ ወንፊት ራሱ ግድብ ነው፣ ጎርፉን ቤት ያስገባል።

የልብስ ማጠቢያ ውሃና ሞልቶ የሚፈስ ሴፕቲክ ታንክ በድብቅ ቦይ ላይ ማገናኘት ሁለት ጉዳት አለው። በበጋ ቦዩ ውስጥ የቆመ ውሃ ይፈጥራል፣ ትንኝ ይራባበታል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ሳሙናውና ፍሳሹ ሐይቁ ውስጥ የአረንጓዴ አልጌ ምግብ ይሆናል። ቆሮሶውንና አምባዛውን የምንበላው ከዚያው ሐይቅ ነው።

ቦታ ያለው ግቢ እርጥቡን እዚያው ኮምፖስት ቢያደርገው ግማሹ ችግር ከበር አያልፍም። 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ ጎርፍ የማይገባበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ይቆፈር። ሥሩ ላይ አንድ ስንዝር የተሰባበረ ደረቅ እንጨት፣ የገረባ ዘንግ ወይም የደረቀ ሸንኮራ ይነጠፍ፤ አየር የሚገባው በእሱ ነው። ከዚያ አንድ ባልዲ ልጣጭ፣ በላዩ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር፦ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የደረቀ ኮባ። ሁልጊዜ የመጨረሻው ድርብ ደረቅ ይሁን፤ ልጣጭ ከላይ የተጋለጠ እንደሆነ ዝንቡ ይመጣል። እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ፦ አንድ እፍኝ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ፣ ከተበተነ ውሃ ርጩ። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ካለው አየር አጥቷል፤ መፍትሔው ደረቅ ነገርና ማገላበጥ ነው። አመድ በየድርቡ አንድ እፍኝ ይበቃል፣ ከበዛ ያበላሸዋል። የአቮካዶ ፍሬ በመዶሻ ካልተሰበረ ወሮች ይቆያል፣ አንዳንዱም በቅሎ ይገኛል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይገቡም። በሦስት በአራት ወር ጥቁርና የአፈር ሽታ ያለው ሲሆን ደርሷል።

የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት በሰዓታት ውስጥ ስለሚሸት ባልዲ ውስጥ አይደር፤ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ የዚያኑ ቀን ቅበሩት።

በዓል ሲመጣ የዓመቱ ከባድ ሳምንት ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የታረደ በግ ፈርሱን፣ ቆዳውንና ደሙን ይተዋል። ፈርስ ውድ ነገር ነው፦ ኮምፖስቱ መሃል ቅበሩት፣ በውስጡ ያለው ተህዋስ መበስበሱን ያፈጥነዋል። ደሙ የሚፈስበት ቦታ ላይ አስቀድማችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ቦይ ላይ የፈሰሰ ደም ለአንድ ሳምንት ውሻና ዝንብ ይሰበስባል። የዶሮ ላባ በውሃ ታጥቦ ከወጣ የፍሳሽ ቀዳዳ ይደፍናል፤ በደረቁ ሰብስባችሁ ቅበሩት። ቆዳው የሚገዛው ቢያጣም ቦይ ውስጥ አይጣል፤ አንድ የበግ ቆዳ ቱቦውን እንደ ጨርቅ ይወትፈዋል። ሰፋ አድርጋችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ቅበሩት፣ ውሻ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ጫኑበት። ጉድጓዱ ከበዓሉ በፊት ይቆፈር፤ በዓል ቀን ከሰዓት በኋላ ዶማ የሚያነሳ ሰው አይገኝም።

ጋሪው በቀኑ ካልመጣ ማዳበሪያውን ገንዳው አጠገብ ወስዳችሁ መሬት ላይ አታስቀምጡት። ደረቁ ወደ ተሰቀለበት ይመለስ፣ እርጥቡ ጉድጓድ ይግባ፤ ጉድጓድ ከሌለ አንድ ስንዝር ደረቅ አፈር ወይም የበረደ አመድ ባልዲው ላይ አልብሱና ክዳኑን ዝጉ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን ይጠብቃል። በሁለተኛው ቀን ወደ ማህበሩ ደውሉ፤ የቀረው በአህያ መታመም ወይም በገንዳ መሙላት ከሆነ መቼ እንደሚመጡ ይነግሯችኋል፣ እናንተም ለጎረቤት ንገሩ፤ አንዱ ሳያውቅ ያወጣው ማዳበሪያ ሌላውንም ያስወጣልና።